መጋዙን ያቆምኩበት ጠዋት

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የእብነ በረድ ፋብሪካ በጥገና ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ማሽን ሳይሰበር መድረስ ነው። የንዝረት መለኪያውን ማግኔት ሞተሩ ላይ እለጥፋለሁ፤ ትንሽ ሣጥን የመሰለው መሣሪያ የማሽኑን መንቀጥቀጥ በመስመር ይስልልኛል። ዘንጉ በኳሶች ላይ የሚዞርበት ኩሽኔታ ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚስል፣ መበላት የጀመረውም ምን እንደሚስል ለይቼ አውቃለሁ።

ክረምቱ ሲገባ የትልቁ መጋዝ ኩሽኔታ መስመር ሹል ሹል ጫፍ ማውጣት ጀመረ። መጋዙ ድንጋይ ሲቆርጥ ከጩኸቱ ሌላ ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ከእኔ በቀር የጠረጠረ የለም። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው።

«እየሠራ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«እየሠራ ነው። እየተበላም ነው።»

«ይኼ ጭነት ይውጣና እናየዋለን።»

ጭነቱ ወጣ፤ ሌላ ጭነት መጣ። ደግሜ ብነግራቸው «ይቺ ሣጥን አሳበደችሽ!» ብለው በሠራተኛው ፊት ሳቁብኝ። አብረው የሳቁትን ሁሉ አልረሳኋቸውም።

አንድ ጠዋት መስመሩን ካየሁት ሁሉ ብሶ አገኘሁት። ኩሽኔታው ተሰብሮ ምላጩ ቢያመልጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ኦፕሬተሩን ነው። ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁ፣ ቆለፍኩበትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ መጡ።

«ማን ፈቀደልሽ? ክፈቺ!»

«አልከፍትም።»

«ትባረሪያለሽ!»

«ያባርሩኝ። ኩሽኔታው ሳይፈታ ግን ቁልፉን አልሰጥም።»

ወደ ኦፕሬተሩ ዞሩ። «ሰብረህ አስነሳው!»

ኦፕሬተሩ የአካባቢው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሁሌም በወንድ ነው የሚጠራኝ። ጓንቱን አወለቀ። «እህቴ፣ አንተ ይቁም ካልክ፣ ወላሂ እኔ አልነካም» ብሎ አጠገቤ ቆመ።

አብረን ፈታነው። የውስጡ ቀለበት ተሰንጥቋል፤ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድ እንደ አሮጌ ቀለም ተላልጧል። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው አዩና ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። አዲስ ኩሽኔታ ተገዝቶ ገባ፤ መጋዙም ተነሣ። ለእኔ ግን ያለ ፈቃድ ሥራ አስቁመሻል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ይቅርታ ከጠየቅሽ ይነሣልሻል አሉኝ።

በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣችው እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «ልጄ፣ ጠይቂና እንጀራሽን ብይ» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ ብዬ፣ እማ?»

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ማስጠንቀቂያው ዛሬም ማህደሬ ውስጥ አለ፤ ይኑር። እኔም እዚያው አለሁ፤ መስመሩ እንደዚያ ካሳየኝ ነገም አቆመዋለሁ።