የጋሽ ተሻለ የአየር መስመር

ጋሽ ተሻለ፣ በሬኮ መንደር ጉብታ ላይ ያለው የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናቸው። መምህራን ማረፊያ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ የሃዋይን ታሪክ ከእሳቸው ሳይሰማ አይነሣም። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ፣ እዚያ ደሴቶች ላይ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባሕር አቋርጦ ሽቦ መዘርጋት ቢከብዳቸው ኮምፒውተሮቻቸውን በሬዲዮ አነጋገሩ። «ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ መልእክታቸው ተጋጭቶ ይጠፋል» ይላሉ ጋሽ ተሻለ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ እያጋጩ፤ «ያን ጊዜ እያንዳንዱ እንደ ዕጣው የተለያየ ጊዜ ቆይቶ ይደግማል። ዛሬ ዋይፋይ የምትሉት የእሱ ልጅ ነው።» እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይህን ታሪክ ቢያንስ አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሰውየው ግን በወሬ ብቻ አልቀሩም። በ1999 ዓ.ም. አንድ የተጣለ የቴሌቪዥን ዲሽ ጠግነው ጉብታችን ላይ አቆሙ፤ ሌላውን ደግሞ ፍስሐ ገነት ከተማ፣ ኢንተርኔት በገባለት የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ጣሪያ ላይ። ሁለቱ ዲሾች ፊት ለፊት መተያየት ስላለባቸው፣ መሐል ላይ በወይዘሮ ሙሉእመቤት ማሳ የነበረ ትልቅ ዋንዛ ተቆረጠ። እኛ ዘንድ ደግሞ ዛፍ ቆርጦ ሳይተኩ መሄድ ነውር ነው። ጋሽ ተሻለ ሦስት የዋንዛ ችግኝ አምጥተው እዚያው ጉቶው አጠገብ በእጃቸው ተከሉ። ያን ሁሉ ሬዲዮ ያወቀ ሰው ዋንዛ እንደሚያድግ አላሰበም! እኔም ብሆን አላስብም ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ፤ ዋንዛዎቹ አደጉ። በበጋ መስመሩ እያነከሰም ቢሆን ይሠራል፤ ቅጠሉ ዝናብ ሲጠጣ ግን ይጠፋል። ጋሽ ተሻለ የዲሹን ምሰሶ ሁለት ጊዜ አስረዘሙት፤ ዋንዛውም ረዘመ። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ያወቅኩት ምሰሶውን ስለያዝኩላቸው ነው።

ባለፈው ግንቦት ልጃቸው ትንቢት ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰች። የቀራት በኢንተርኔት የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ፈተና ነው፤ አንዴ ካመለጠ አይደገምም። የሞባይሉ ዳታ እኛ ጋ ፎቶ እንኳ አያወርድም።

«ዲላ አክስቴ ጋ ልሂድ፤ እዚያ ኔትወርኩ ጥሩ ነው» አለች።

«እዚህ የራሳችን መስመር እያለ?» ብለው ተቆጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ማለት የነበረብኝን አልኩ? አላልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በፈተናው ቀን ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ ሦስት ከአሥር ላይ በኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት ሳይ ትንቢት አንድ ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች። ከእሷ በቀር ሰው መግባት ስለተከለከለ አባቷ በረንዳው ላይ ይንቆራጠጣሉ። ድንገት ከጥበቃው ቤት መጥረቢያ አንሥተው ቁልቁል ሮጡ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ተከተልኳቸው።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከደጃፋቸው አዩን።

«ተሻለ፣ አንተ ተከልክ፣ አንተ ልትቆርጥ?»

«ልጄ ፈተና ላይ ናት!»

«ቁረጥ በቃ። ቡናዬ ላይ ግን እንዳይወድቅ።»

አሥር ጊዜ መቱ፣ ሃያ ጊዜ መቱ። እርጥቡ እንጨት መጥረቢያውን ነክሶ ይይዛል። ቅርፊቱን እንኳ በወጉ አላለፉትም፤ ያውም ከሦስቱ የመጀመሪያውን። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

«ጋሽ ተሻለ፣ ይሄ የሁለት ቀን ሥራ ነው» አልኳቸው።

መጥረቢያውን ጣሉና ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ምን ላድርግ? ክንዳቸውን ይዤ አነሣኋቸው።

ዳገቱን ቀስ ብለን ወጥተን ስንመለስ ትንቢት ከክፍሉ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማለች። የአባቷን ልብስ አየች፤ የተላጠ መዳፋቸውን አየች።

«ጨረስኩ አባ» አለች።

«ኢንተርኔቱስ?»

«ትንሽ ተንገራገጨ እንጂ ደህና ነበር። ሁሉንም መልሻለሁ።»

ግንባሯን ሳሟትና ወደ ውስጥ ገቡ። ሬዲዮው ያሳለፈውን በየደቂቃው የሚመዘግብበትን ገጽ ከፈቱ፤ እኔም ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ከሦስት ከአሥር ወዲህ ዜሮ ነው፤ እስከ ታች ድረስ ዜሮ። ገጹን ዘጉት።

«አባ፣ ቀላል ነበር እኮ!» ብላ ትንቢት ከደጅ ጮኸች።

«ጎበዝ ልጄ! እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ጋሽ ተሻለ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ ሳያዞሩ።