ስሙ የጠፋው አጫጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ልደትና ሞት መዝጋቢ ነኝ። ሥራዬ ሆኖ ሞት ብዙም አያስደነግጠኝም፤ ይኸኛውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከሽንፋ በኩል አንድ የእርሻ ካቦና ሁለት ሳሉጎች መጡ። ሳሉግ የምንላቸው ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን ነው። ጓደኛቸው በወባ ሞቶ እዚያው ቀብረውታል። ስሙን ስጠይቅ "ጎጃሜ ነው የምንለው" አሉ። እዚህ በረሃ ግማሹ አጫጅ ጎጃሜ ነው! በአገራቸው ስም መጠራራት ልማዳቸው ነው። መታወቂያም ስልክም አልነበረውም። ስሙ ካልተገኘ ሞቱ አይመዘገብም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቤተሰቡ ይመጣል እያለ ሲጠብቅ ሊኖር ነው።

"በሉ እንግዲህ አስቡ" ብዬ ሌላ ባለጉዳይ ማስተናገድ ጀመርኩ። ቆይቶ አንደኛው ሳሉግ ብድግ አለ። ሟቹ አጨዳው ሲግል ማጭዱን ከፍ አድርጎ ይፎክር እንደነበር ትዝ ብሎታል። ሲፎክር ታዲያ የአባቱንና የአገሩን ስም ሳይጠራ አያልፍም፦ "ዘራፍ! የፈንታሁን ልጅ፣ የቀራንዮው!"

ጎጃም፣ ቀራንዮ ደወልኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር አጣርቶ፣ ልጃቸው ቆላ የወረደ አቶ ፈንታሁን የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ ነገረኝ። መርዶ በስልክ አይነገርምና በአገሩ ወግ እንዲያረዷቸው አደራ አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌው ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። የልጃቸው ስም ሞላ እንደሆነ ነገሩኝ፤ መዘገብኩ። ማስረጃውን ስሰጣቸው ግን አልተነሡም።

"ልጄ፣ እኔን በምን አገኛችሁኝ?"

ስለ ፉከራው ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ለካ በመሬት ተጣልተው፣ ልጁ "ከእንግዲህ አባቴ አይደለህም" ብሏቸው ነው ከቤት የወጣው።

"በኔ ስም?" አሉኝ።

"አዎ አባባ፣ በእርስዎ ስም።"

"እስቲ እንደሱ አድርገሽ በይልኝ።"

ቢሮው በባለጉዳይ ተሞልቷል። እኔ ደግሞ እንኳን ልፎክር፣ ጮክ ብዬ የማልናገር ሴት ነኝ። ቢሆንም ፎከርኩላቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው።

ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ "ዘራፍ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሽማግሌው ነገ ተመልሰው ቢመጡም እፎክርላቸዋለሁ።