የሚኤሶው ጁክ ቦክስ ለምን ያዘግማል?

ጃዕፈር አሮጌ ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ አያይም፤ ያሸታል። ጭሮ መናኸሪያ ጀርባ ባለች ሱቁ ስፒከርና አምፕሊፋየር ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና፣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታው ለዓመታት እንደማይለቅ ያውቃል። ሻጭ ይዋሻል፣ ቀለምም ይሸፍናል፤ ሽታ ግን አይዋሽም።

ሚኤሶ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በእማማ ባየች ቡና ቤት ውስጥም ያደረገው ይህንኑ ነው። ቁልፍ ሲጫኑት ሸክላ መርጦ የሚያጫውተውን ሳጥን፣ ጁክ ቦክሱን፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ የኋላ ክዳኑን ፈታና አፍንጫውን አስገባ።

“ወጥ መሰለህ እንዴ?” አሉ እማማ ባየች።

“አይጥ ወልዳበታለች፣ እማማ። ትራንስፎርመሩ ግን አልተቃጠለም።”

ከእሱ በፊት ብዙ ገዢ መጥቷል። ሆቴል ያላቸው ሰዎች ሆድ ዕቃውን አውጥተው ፍላሽ የሚያጫውት ስፒከር ሊከቱበት ፈልገው ነበር። እማማ ባየች ሁሉንም መልሰዋል። ቤቱን ዘግተው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ሳጥኑን የሚሸጡት ግን ከመሄዳቸው በፊት የሚወዱትን ሸክላ እንደ ድሮው ላሰማቸው ሰው ብቻ ነው። “ዋጋው አያጣላንም” ብለዋል። ጃዕፈር ደግሞ ሙያውን ያስተማረው ሰውዬ ስለ ጁክ ቦክስ ሲያወራ ሰምቶ፣ አንድ ቀን የራሴን ፈትቼ ካልገጠምኩ እያለ የኖረ ነው። ይህ ካመለጠው ሌላ ከየት ያገኛል?

ስለዚህ ሳይቸኩል መረመረ። ሸክላውን የሚያዞረውን ጎማ በጣቱ ቆነጠረው፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። መርፌው ተበልቷል። ካፓሲተሮቹ አብጠዋል። ሸክላ የሚያነሳው ክንድ ግን በእጅ ሲገፋ ሳያንገራግር ሄዶ ተመለሰ። ሞተሩን በቀጥታ አልሰካውም። ሾርት ካለ አምፖሉ ይብራ እንጂ ሞተሩ አይንደድ ብሎ ከአምፖል ጋር አያይዞ ቀሰቀሰው። ዞረ።

“ድሮ እንዴት ነበር የሚዘፍነው?” ሲል ጠየቀ።

“ረጋ ብሎ ነዋ! የባቡር መንገደኞች ‘የሚኤሶ ሙቀት ዘፋኙንም አዝሎታል’ እያሉ ይስቁብን ነበር። ቅናት ነው።”

ጃዕፈር ካቻቪቴውን አስቀመጠ። ለምን ይረጋል? ዘይቱ ወፍሮ? ጎማው እየተንሸራተተ?

“ገና አዲስ ሳለም እንዲህ ነበር?”

“ከመጣ ጀምሮ።”

ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ በምራቁ ጠርጎ በስልኩ መብራት አነበባት። አሜሪካ የተሠራ፣ ስድሳ ሳይክል፤ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስድሳ ጊዜ ሲመላለስ እንዲዞር የታሰበ። የእኛ መብራት ሃምሳ ነው! ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንስለታል እንጂ ሳይክሉን አይነካም፤ ይህ ሞተር ደግሞ የሚሮጠው በሳይክሉ ልክ ነው። እንግዲህ ይህ ሳጥን ሚኤሶ ከገባ ወዲህ አንድም ዘፈን በልኩ ዘፍኖ አያውቅም ማለት ነው።

ጭሮ ተመልሶ ጎማውን አስለበጠ፣ መርፌና ካፓሲተር አፈላለገ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶም የሞተሩን ዘንግ የምታወፍር ትንሽ የነሐስ ቀለበት አስቀረጸ። ዘንጉ ሲወፍር ሸክላው ይፈጥናል።

በሌላ ቀን ከጓደኛው ከአብዶ ጋር፣ አብዶ ጫት በሚያመላልስባት ፒካፕ መጣ። ሁሉንም ገጠመና ቀለበቷ ኪሱ እንዳለች መጀመሪያ እንዲሁ ሞከረው። እማማ ባየች ቁልፉን ተጫኑ። ክንዱ ሄዶ ሸክላውን አንስቶ አስቀመጠ። ወፍራም፣ ሐዘንተኛ፣ እያንዳንዷን ቃል የሚጎትት የወንድ ድምፅ ቤቱን ሞላው። “ዛሬም አልመጣችም” ይላል። እማማ ባየች ከዚህ ሳጥን በቀር የትም ሰምተውት አያውቁም።

“እሱ ነው!” አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። “እሱ ራሱ። ውሰደው፣ ያንተ ነው።”

አብዶ እጅጌውን ሰበሰበ። “በል አንሳ!”

“እማማ፣ ገና አልጨረስኩም” አለ ጃዕፈር። “ጉድለት አለው።”

“ዺሲ!” አለ አብዶ በጆሮው። “ተው እንጂ ሰውዬ፣ ሰጡህ እኮ! ጭሮ ወስደህ አስተካክለው። እዚያ መጠገን ክልክል ነው?”

እውነቱን ነው። ግን ይህን ድምፅ የሚያውቀው ሰው ያለው እዚህ ነው፤ ጭሮ ማን ሰምቶ ልዩነቱን ይነግረዋል? ጃዕፈር ሞተሩን አጥፍቶ ቀለበቷን ዘንጉ ላይ አጠለቀ።

ዘፈኑ እንደገና ጀመረ። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ሳቅ ያፈነው የሚመስል የጎረምሳ ድምፅ።

እማማ ባየች ብድግ አሉ። “ይሄ ማነው?”

“ያው ሰውዬ ነው።”

“አይደለም! ምን አደረግከው? ጡት ያልጣለ ልጅ አስመሰልከው እኮ! አጥፋው። አልሸጥም፣ ሂዱልኝ!”

አብዶ ራሱን ያዘ። “ብዬህ ነበር!”

ጃዕፈር አጠፋው። መፍቻዎቹን እየሰበሰበ የሞተሩንና የሳይክሉን ነገር፣ እሱንም እንዴት እንደገረመው አጫወታቸው። “አዲስ አበባ ሲቀዳ የዘፈነው እንዲህ ነው። እርስዎ ሲሰሙ የኖሩት ሚኤሶ የዘፈነውን ነው።”

እማማ ባየች ሳጥኑን ትክ ብለው ካዩት በኋላ፣ “እስቲ ያንን ድገመው” አሉ።

ደገመው። አሁን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። መሐል ላይ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

“‘አልመጣችም’ ሲል እያለቀሰ መስሎኝ! እየቀለደባት ነው እኮ! ባሌ የሞተ ሰሞን በዚህ ነው ያለቀስኩት፤ ከኔ ጋር ስንቱ የባቡር መንገደኛ ተንሰቅስቋል!” ሻሻቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

ሳቁ ጋብ ሲልላቸው ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ። “በል ያንተ ነው። አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል፣ ገመድህን አምጣ እንጂ!” አሉት አብዶን። ወደ ጃዕፈር ዞሩ። “ለኔ ግን አንዴ ቀለበቷን አውልቅልኝ። ይሄኛው የኮረዳ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሳልሰማው አለፈኝ። አሁን የሚሆነኝ ዘገምተኛው ነው።”

ጃዕፈር አወለቀ። እማማ ባየች ወንበሩን ገፋ አድርገው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸውን ቀስ እያደረጉ መወዝወዝ ጀመሩ። አብዶ ገመዱን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።