ለፒስተን ወጥቼ የቀረሁት

ከአስመራ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ስደት የወጣሁ ግን አልመሰለኝም፤ ፒስተን ልገዛ ነበር የሄድኩት። በበረሃ በእግራቸው ድንበር አቋርጠው የመጡ የአገሬ ልጆች ተሰብስበው ያዩትን መከራ ሲያወሩ፣ እኔ "በአባቴ ቮልስ ነው የመጣሁት፣ የሞተር ዕቃ ልገዛ" ስል ይስቁብኛል። ቢስቁም እውነት ነው። እዚያ ያላችሁት፣ አማርኛን አብረን በአንድ ክፍል የተማርን፣ እዚህም እንደኔ የቀራችሁት፣ እንደሆነው ላውራችሁ።

ያኔ ዓመታት ሙሉ ተዘግቶ የኖረው ድንበር ተከፍቶ ነበር። የቮልሷ ሞተር ዘይት እየጠጣ አስቸግሮኛል፤ አስመራ ውስጥ ዕቃ የለም፤ አዲስ አበባ ግን ቮልስ እንደ ጉድ ነው ሲሉ ሰማሁ። አደይ፣ እናቴ ማለቴ ነው፣ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች፣

"መቼ ትመለሳለህ?" አለችኝ።

"በሁለት ሳምንት።"

"ሂድ በቃ። ዘይቱን እያየህ ንዳ።"

ሳትስመኝ ገባች። ሁለት ሳምንት የሚያስለቅስ ነገር የለውም።

መንገዱን አታንሱብኝ። ዓዲግራት፣ መቀሌ፣ ደሴ፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ያ ሺ ሁለት መቶ ሲሲ ሞተር እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና እንኳ እያለፈኝ ሄደ። በስንት ጸሎት ደብረ ብርሃንን አለፍኩና ኮተቤ ስደርስ ጭሱ ከኋላ ተግተልትሎ ወጣ፤ ሞተሩም ቀጥ አለ። ወጣቶች ተሰብስበው ገፉልኝ።

"ፋዘር፣ ቮልሷ ከየት ናት?"

"ከአስመራ።"

"በራሷ መጥታ?"

እየሳቁ ገፍተው ገፍተው ጉርድ ሾላ ጀርባ ካለ ጋራዥ አደረሱኝ። ባለቤቱ ቶሎሳ ይባላል። ጋራዡ የቆመበት መሬት ድሮ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ከአባቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ወደ ብረቱ ሲጠጋ ደግሞ ጣልያን ይሆናል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። በእኛም ከተማ ቃላቱ እነዚሁ ናቸውና ገና በሩ ላይ እንግድነቴ ቀለለኝ።

ሞተሩን አውርዶ አየውና እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ጋሼ፣ ካርተሩ፣ የሞተሩ ቤት፣ ተሰንጥቋል። ፒስተኑን ገዝተው ምን ላይ ሊገጥሙት ነው?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ከኮምቢ የወረደ ሺ ስድስት መቶ ሞተር አለኝ። ቶርኖ ቤት ገብቶ የወጣ፣ ፒስተኑም ፋሻውም አዲስ ነው። በሦስት ቀን ገጥሜልዎት በአራተኛው አገርዎ ይገባሉ። ዳገቱንም እንደ ሰው ይወጡታል።"

እምቢ አልኩ። "የአባቴ ሞተር ነው፤ በእጁ የፈታው፣ በእጁ የገጠመው። ብየዳ ይሞከር" አልኩት። ቶሎሳ ትንሽ አየኝና፣ "እሺ፣ እንሞክራለን፤ ግን አይይዝም" አለ። እውነትም አልያዘም። ሌላ በያጅ ፈለግን። እሱም አልያዘለትም።

አሁን እውነቱን ልናገር። አባቴን ሰበብ አደረግኩት እንጂ እኔ ቀኑ እንዲረዝም ፈልጌ ነበር። ሾላ ገበያ ውስጥ በበርበሬውና በሽንኩርቱ መሀል ቀኑን ሙሉ ስዞር "ወዴት ነህ?" የሚለኝ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም የማያውቀኝ ሰው ሆንኩ፤ እሱ ጣፈጠኝ። አንድ ሳምንት፣ ደግሞ አንድ ሳምንት እያልኩ ስቆይ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። ቆይቶ ጦርነቱ መጣ፤ ስልኩም ጠፋ። የጣፈጠኝ ነገር አፌ ውስጥ መረረ።

ቶሎሳ ዘንድ ሥራ ጀመርኩ፤ ሾላ አካባቢም ቤት ተከራየሁ። አከራዬ እትዬ ሙሉነሽ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናቸው፤ ልብስ ሲያጥቡ ሳይቀር ይዘምራሉ። ደግ ናቸው። ከተማው ግን ከተማዬ አልሆነም። በእኛ ዘንድ ማታ ማታ ሰው ለብሶ፣ ዘንጦ፣ በዋናው መንገድ ቀስ እያለ ይንሸራሸራል፤ እዚህ ማታ ሁሉም ይሮጣል። ማኪያቶው ወተት ይበዛበታል። ክረምቱ ደግሞ! ከእንጦጦ የሚወርደው በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እትዬ ሙሉነሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይዘምራሉ፤ እኔ የአስመራን የደረቀ ሰማይ አስባለሁ።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣና ፈልጎ አገኘኝ። "እናትህ ደህና ናቸው" አለኝ። "በራችሁ ላይ መኪና የምታቆምበት ቦታ አለ አይደል? ሰው እንዳያቆምበት ድንጋይ ደርድረውበታል። ጠዋት ጠዋት ይጠርጉታል።"

በማግስቱ ቶሎሳን፣ "ያ የኮምቢው ሞተር አለ?" አልኩት።

"ሸራ ለብሶ ተቀምጧል" አለ። "ሰው ሁሉ በኤሌክትሪክ መኪና እየሄደ ማን ይወስደዋል ብለው ነው?"

ቶሎሳ፣ "ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ መመዝገብ አለበት" ስላለኝ መጀመሪያ ወደ ጉምሩክ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቴን የተቀበለችኝ ልጅ የእኔን ልጅ ታክላለች፤ ልጅ ቢኖረኝ።

"አባባ፣ መኪናው መመለስ የነበረበት በአንድ ወር ውስጥ ነው።"

"አዎ። ድንበሩ ተዘጋ።"

"መቼ ይመልሱታል?"

"ሲከፈት።"

"መቼ ይከፈታል?"

"እኔም እሱን አንቺን ልጠይቅ ነበር።"

ሳቋን ዋጥ አደረገችና ወረቀቱን ገለበጠች። "በዚህ የሞተር ቁጥር ነው የገባው። ሲወጣም በዚሁ ሞተር ነው መውጣት ያለበት።"

"ይሄ ሞተር እኮ ሞቷል፣ ልጄ።"

"ይሙት። ግን እንዳይጠፋ። ሲወጡ ሁለቱንም ይዘው ይቅረቡ።"

እናም የሞተውን ሞተር በጋሪ አስጭኜ ቤቴ አስገባሁት፤ ከአልጋዬ ሌላ ቦታ አልነበረኝምና አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። እትዬ ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆመው አዩት።

"ጋሽ ተክሌ፣ እኔ ለአንድ ሰው ነው ያከራየሁት።"

"አይበላም፣ አይጠጣም፣ እትዬ።"

"ይሸታል እንጂ! በኢየሱስ ስም! ይሄን ያህል ዓመት ሴት ሳያስገቡ ቆይተው ያስገቡት ይሄን ነው?"

የኔና የቶሎሳ ሥራ አራት ቀን ፈጀ። ትልቁ ሞተር ትልቅ ፍሪሲዮን ስለሚፈልግ የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ ሞረድነው። ከዚያ ቮልሷን ከኋላ አንስተን፣ ሞተሩን በክሪክ ቀስ እያልን ከሥር አስጠጋነው። አንዴ ዘመመ፤ አንዴ ቡሎኑ አልገጥም አለ። "ትንሽ ወደ እርስዎ፣ ጋሼ… ትንሽ… ቆይ!" ጠቅ ብሎ ገባ። ቶሎሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም፣ ምስጋና መሆኑ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብቻዬን ወደ እንጦጦ ነዳኋት። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ሚኒባስ ቀደምኩ፤ ሞተሩ አንድም ጊዜ አላቃሰተም። በሦስት ቀን ሊሆን ይችል የነበረው ነገር ይህ ነበር። ፓርኩ አጠገብ ዳር ይዤ አቆምኩና ፊቴን ወደ ሰሜን አዙሬ፣ አሁን አልፎ አልፎ ወደሚሠራው የጎረቤታችን ስልክ ደወልኩ። አምስት ጊዜ አልሠራም። በስድስተኛው ጎረቤታችን አነሳችና ስልኩን ለአደይ ሰጠቻት።

"ወደይ!" አለች። ልጄ ማለቷ ነው። ድምፅዋ ቀጥኗል። ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት፤ እሷ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣

"መኪናዋስ?" አለች።

"ሌላ ሞተር ገጠምኩላት፣ አደይ። ትልቅ ነው። አሁን የትም ዳገት አያቆማት።"

"ጽቡቕ፣ ደግ ነው። ከየት አገኘኸው?"

"እዚሁ ጋራዡ ውስጥ ነበር።"

"ያኔስ አልነበረም?" አለችኝ።

ልዋሻት እችል ነበር።

"ነበር፣ አደይ።"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ ሴኮንዱ ይቆጥራል። እንደገና ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"እዚያ ብርድ ነው ይላሉ" አለች በመጨረሻ። "ልብስ ደርበሃል?"