መቆም ያቃተው ዲያቆን

መጀመሪያ የወደቅሁት ቅዳሴ ላይ ነው። ዲያቆን ነበርኩ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ አያቴም ቄስ ነበሩ። መካነ ሰላም ዳር ያለችው ደብራችን ከእኛ ቤት የሚቀድስ ሰው አጥታ አታውቅም። ያን ቀን "ተንሥኡ" ብዬ ሕዝቡን ለጸሎት ላስነሣ አፌን ስከፍት ልቤ ደረቴን እየደበደበ ሮጠ፣ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አፍንጫዬ ምንጣፉ ላይ ነበር። የያዝኩት ጧፍ ወድቆ የምንጣፉን ጠርዝ ለብልቦታል። ቀዳሹ አባቴ ነበሩ። ዞር ብለውም አላዩኝ። ሌላው ዲያቆን በብብቴ ይዞ ጎተተኝ።

ቤት ስንገባ ከመደቡ ላይ እንደተጋደምኩ ቁልቁል አዩኝ።

"ምን በልተህ ነው የገባኸው?"

"ምንም አልበላሁም፣ አባ።"

"እንግዲያው ታቦቱ የጠላብህ ነገር አለ" አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ መውደቄ በዛ። ተቀምጬ ወይም ተኝቼ ደህና ነኝ፤ ስቆም ይመጣል። አባቴ ጠበል ወሰዱኝ። ጠበሉ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ መቆም ነው። ተራዬ ሳይደርስ ወደቅሁ። አጥማቂው "ጮኸ፣ ሊለቅ ነው" አለ። እኔ አልጮኽኩም። በመቋሚያ ጀርባዬን እየመታ "ማን ነህ? ስምህን ተናገር" አለኝ። የክርስትና ስሜን ነገርኩት። "ይዋሻል" ብሎ ጨመረልኝ። አባቴ አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ስሙ ልክ ነው አላሉም።

ደሴ የወሰደችኝ እናቴ ናት፤ ለአባቴ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብላ። ሐኪሙ አስተኝቶ የደም ግፊቴንና የልቤን ምት ለካ፣ አቁሞ እንደገና ለካ። "ራሱን ችሎ ልብህንና የደም ሥርህን የሚያዝዘው ነርቭ ነው የታመመው" አለኝ። "ስትቆም ደሙ እግርህ ላይ ይቀራል። ልብህ በከንቱ ይሮጣል። የሚገድል አይደለም፤ የሚለቅም አይመስለኝም።" ከዚያ ኑሮዬን ነገረኝ። ውኃ በብዛት፣ ጨው ጨምሬ እንድጠጣ። ከመኝታ ከመነሣቴ በፊት ጠጥቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን አንቀሳቅሼ እንድቆም። ባቴን በፋሻ አጥብቄ እንድጠቀልል። ትንሽ ትንሽ እንድበላ። የአልጋዬን ራስጌ ከፍ አድርጌ እንድተኛ። የግድ ስቆም እግሬን አጣምሬ ጭኔን እንዳጠብቅ። ሲመጣብኝ ደግሞ ሳልወድቅ እንድቀመጥ፣ የትም ቢሆን።

"ዲያቆን ነኝ" አልኩት። "ሥራዬ መቆም ነው። ስቀድስ ደግሞ ውኃም አይቀመስም።"

"እንግዲያው ሌላ ሥራ ፈልግ" አለና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ያለኝን አደረግሁ። ከአልጋዬ ራስጌ ሥር ድንጋይ አስገባሁ። እግሬን እንደ ቁስለኛ ጠቀለልኩ። ሳምንታት ሳልወድቅ ቆየሁ፤ እናቴ ከእኔ ይልቅ ደስ አላት። ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ጠዋት አባቴ ከአልጋዬ አጠገብ የጨው ውኃውን ጆግ አገኙ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መድኃኒቴ ነው፣ አባ።"

"ጨው ለከብት ነው። በጾም በጠዋት የሚጠጣ ዲያቆን ከእኔ ቤት አይወጣም" አሉና ደጅ ደፉት። በማግስቱ ሳልጠጣ ተነሣሁ። የምድጃው ድንጋይ ላይ በአፌ ተደፋሁ፤ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። አባቴ ለቅዳሴ ይወጡ ነበር። በሩን ዘግቼባቸው ስለተዘረጋሁ ተራምደውኝ ሄዱ።

ወግዲ የታጨችልኝ ልጅ ነበረች። ወሬው ለቤተሰቦቿ ደረሳቸውና ሽማግሌ ላኩ። "ልጃችንን ያሳደግናት ለቄስ እንጂ ለአስታማሚነት አይደለም" አሉ። አባቴ አልተከራከሩም። ታናሽ ወንድሜን ጠርተው ከሽማግሌዎቹ ፊት አቆሙት። በቁመቱ አዩት፣ ተስማሙ። እሷን እሱ አገባት፤ ቅስናውንም እሱ ተቀበለ።

ወንድሜ መጀመሪያ የቀደሰ ቀን ሄድኩ። ፋሻዬን እስከ ጭኔ አጥብቄ፣ እግሬን አጣምሬ፣ መቋሚያ ተደግፌ ወንጌል እስኪነበብ ቆየሁ። ከዚያ ጆሮዬ መጮህ፣ ከንፈሬ መደንዘዝ ጀመረ። ሁሉ ቆሞ ወንጌል ሲሰማ እኔ ግድግዳውን ታክኬ መሬት ተቀመጥኩ። አልወደቅሁም። ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። አንዲት ሴትዮ ግን ነጠላዋን ከአጠገቤ ሰበሰበች።

ለቅስናው በተደገሰው ድግስ ላይ ከወግዲ የመጡ፣ ቤታችንን የማያውቁ አንድ ሽማግሌ አባቴን "የበኩር ልጅዎ የትኛው ነው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እበላ ነበር።

አባቴ ቆሞ ጠላ ወደሚቀዳው ወንድሜ በአገጫቸው አመለከቱ። "ያው የቆመው ነው" አሉ።

ወንድሜ ሰምቶ አንገቱን ደፋና ጠላውን መቅዳት ቀጠለ። እናቴ ወጥ ጨመረችልኝና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን ከቤት ወጣሁ። አሁን ከተማው ውስጥ ተከራይቼ ሕፃናት ንባብ አስተምራለሁ፤ ተቀምጬ። ጆጌን ማንም አይደፋውም። ከወደቅሁ ቆይቻለሁ። አንዳንድ ቀን አባቴ በደጄ ያልፋሉ። ልጆቹ ብድግ ብለው እየሮጡ መስቀል ይሳለማሉ። እኔም እነሣለሁ። መጀመሪያ ቀና ማለት፣ ከዚያ እግሬን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቆም። ይህን እንደማደርግ ያውቃሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አልፈው ሄደዋል።