የቱርቦ ሠላሳ ስምንት ፈረሶች

ሰፈሩ ቱርቦ ይለዋል። መኪናው ላይ ቱርቦ የሚባል የሞተር ጉልበት መጨመሪያ ኖሮ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ጎሚስታው ነው። ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀብሎ በመኪናው የኋላ መስታወት ላይ በትልልቅ ፊደል አስለጠፈው። ታላቅ እህቱ ያን ጽሑፍ ያየች ቀን፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና፣ «ይኼ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ነው ወይስ ኋላ ነው የነካው?» አለች ለራሷ።

ሥራው መስታወት መቁረጥ ነው። የሚገርመው፣ በሥራው ላይ እንደሱ ጠንቃቃ ሰው የለም። ደንበኛ የመስኮት ልክ ይዞ ሲመጣ «ያንተን ሜትር አላምንም» ይልና ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይለካል። ላዩን ይለካል፣ ታቹን ይለካል፣ ከማዕዘን ማዕዘን ይለካል፤ የመቁረጫውን አልማዝ መስታወቱ ላይ የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼን ሁሉ ጥንቃቄ ታዲያ ማታ ሱቁ ውስጥ ቆልፎበት ይመጣል። ወደ መኪናዋ ሲዞር ሜትሩ ጆሮው ነው። ከጮኸች ሄደች ማለት ነው።

መኪናዋ የአባታቸው ነበረች። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ አባታቸው በደህናው ዘመን የገዟት፣ በጊዜዋ ቀድሟት የሚያልፍ ያልነበረ። በእረፍት ቀን እናታቸውን ከፊት፣ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጠው ወደ ሐይቁ ይወስዷቸዋል። እህትየው እስከ ዛሬ ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት ያ መንገድ ነው፤ የወንበሩ የቆዳ ሽታ፣ ጭኗ ላይ የተኛው የወንድሟ ላብ ያለበት ራስ፣ ዳገቱ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄደው ዛፍ። እናታቸው መንገድ ላይ ያንጎራጉራሉ። ግጥም የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። መኪናዋ ያን ሁሉ ዳገት በዚያ ፍጥነት ስትወጣ የእናታቸው እንጉርጉሮ አንድም ሳይቆረጥ ይሰማ ነበር። አባታቸው የሚኮሩባት በፍጥነቷ ሳይሆን በዚሁ ነበር።

አባታቸው ሲሞቱ እህትየው መንጃ ፈቃድ አልነበራትምና ቁልፉ ለሱ ሆነ። ከዚያ በኋላማ መኪናዋ ዕረፍት አላየችም።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያዋን ሳጥን ነቅሎ ጣለ። ጥቁር፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ እህትየው አንስታ አጠበችውና የቁራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ አደረገችው። በሱ ፋንታ ክዳን የሌለው፣ ቀይ፣ እንደ ቀንድ የሾለ ፊልትሮ ሞተሩ አጠገብ ገተረ። ቀጥሎ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አወለቀ። እሱንም እህትየው የመጋዘኑን ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ጣሪያው ላይ ጫነችው። የገባው አዲሱ ማርሚታ አፉ የድስት ያህል ሰፊ ነው። ከዚያ የአየር ቱቦ፣ ከዚያ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ካንዴላ፣ በመጨረሻም ከኋላ ክንፍ።

«ክንፉ ስንት የፈረስ ጉልበት ጨመረ?» ትለዋለች።

«እሱ ለመረጋጋት ነው፣ እትዬ። አይገባሽም።»

«ወፏም እንዲሁ ነው የምትለው?»

የጨመረው ጉልበት ግን በቃሉ ነው። የሁሉም ዕቃ ካርቶን ላይ ስንት እንደሚጨምር ተጽፏል። ፊልትሮው አሥር ፈረስ፣ ማርሚታው አሥራ አምስት፣ ቱቦው ስምንት፣ ካንዴላው አምስት። ደመራቸው፤ ሠላሳ ስምንት ወጣ። ጎሚስታው ደጅ ተቀምጦ ለማንም መንገደኛ ይኼንኑ ያወራል። ካርቶን አምኖ ፈረስ የሚቆጥር ሰው፣ የሳሙና ካርቶን ላይ የተሳለችዋን ቆንጆ ሴት ዳሩልኝ ብሎ ሽማግሌ አለመላኩ ነው የሚደንቀው።

ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። ግን እናታቸው አሉ። እግራቸው ከዓመት ዓመት እየከዳቸው መጥቶ አሁን ከአልጋ እስከ በረንዳ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ያን ሐይቅ አንዴ ባየው ደስ ይለኛል። በሷው በአባታችሁ መኪና» አሉ። ቱርቦ ዘሎ ተነሣ፤ ደግፎ አስገባቸው፣ ሞተሩን አስነሣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ ጮኸ። ገና ከበሩ ሳይወጡ እናትየው ሁለት ጆሯቸውን ይዘው፣ «አውርዱኝ! ልቤን ልታወጣው ነው!» አሉ።

«ትለምጂዋለሽ፣ እማዬ! ጉልበቷ ነው እኮ!» አለ ቱርቦ እየጮኸ።

«ምን አልክ?»

ወረዱ። እንደገናም አልጠየቁም፤ እህትየውን ያንገበገባት አለመጠየቃቸው ነው። እናቷ ሌላ ዓመት ይህን በረንዳ ተሻግረው መኪና መግባት መቻላቸውን እንጃ። ያን ቀን ማታ ወንድሟን ወጥ ቤት ጠራችው።

«ይለካ» አለችው።

«ምኑ?»

«ሠላሳ ስምንቱ። መኪና የሚለካበት ጋራዥ አለ ስትል ሰምቻለሁ። እውነት ከጨመረች ሁለተኛ ስለ መኪናህ አፌን አልከፍትም። ካልጨመረች ግን የአባዬን ዕቃ አንድ ባንድ ትመልስና እማዬን ሐይቅ ትወስዳታለህ።»

«እግዜር ያሳይሽ!» አለ ቱርቦ። ለሽንፈት የሚሆን ቦታ ጭንቅላቱ ውስጥ አልነበረውም።

ቅዳሜ ጧት ሄዱ። ጎሚስታውም ሱቁን ዘግቶ ተከተለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመልጠው አይፈልግም። እህትየው ቁራጭ ጨርቋን አራግፋ የአባቷን ሳጥን ኋላ ጭናለች፤ ውስጡ የሚገባውን የወረቀት ፊልትሮም ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝታበታለች። የወንድሟን «ነገ» ስለምታውቀው፣ ከተረታ እዚያው አስገጥማው ልትመለስ ነው።

መለኪያውን ዳይኖ ይሉታል። የመኪናዋ ጎማዎች ወፍራም የብረት ጥቅልሎች ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ በሰንሰለት ትታሰራለች፣ ከዚያ ባለችበት ትሮጣለች። ጎማው ጥቅልሉን ሲያሽከረክር ስንት ፈረስ እንደሆነች ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ይጽፋል። ባለማሽኑ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ዕቃ ሳትጨምርባት ስንት ነበረች?» አለው።

«ያኔማ ሰነፍ ነበረች።»

«ስንት ነበረች ነው ያልኩህ።»

«አልተለካችም።»

«ታዲያ ጨመረች የምትለኝ ከምን ተነስተህ ነው?»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።»

ጎሚስታው ዞር ብሎ ያልመጣ ሳል ሳለ።

ለኩ። ጩኸቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ አቧራ አራገፈ። ስክሪኑ መቶ ሃያ አንድ ጻፈ።

«አየሽ!» አለ ቱርቦ ወደ እህቱ ዞሮ።

«ምኑን ነው የማየው? መቶ ሃያ አንድ ትልቅ ነው ትንሽ ነው?»

ቱርቦ ወደ ባለማሽኑ አየ። ባለማሽኑ ትከሻውን ነቀነቀ። «ድሮዋ ከሌለ ምንም ማለት አይቻልም።»

«ድሮዋማ ኋላ ተጭናለች» አለች እህትየው። «ቀሚስ ጠበበ ሰፋ የሚባለው መጀመሪያ የተለካውን ይዞ ነው። ግጠሙትና እንያት።»

ቱርቦ እየሳቀ ቀዩን ቀንድ ራሱ ፈታ። ጥቁሩን ሳጥን በቦታው ሲያስገቡት ከክዳኑ ሥር የአበባ ጨርቅ ቁራጭ ወደቀ። ጎሚስታው አንስቶ ደረት ኪሱ ውስጥ እንደ መሐረብ ሰካት። ባለማሽኑ የሞተሩ ሙቀት እንደ ቅድሙ እስኪሆን ጠበቀ፣ የጎማውን ነፋስ አየ፣ እንደገና አስሮ ለካ።

መቶ ሠላሳ።

«ዘጠኝ ጨመረች» አለ ባለማሽኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ያኛው ክዳን የለውም፤ ሞተሩ አጠገብ ተገትሮ የሞተሩን ትኩስ አየር ነው የሚስበው። ትኩስ አየር ደግሞ ያደክማታል። ይኼኛው በፊት መብራቱ በኩል ቀዝቃዛውን ከውጭ ይስባል። ሲሠሯት እንዲህ ነው የሠሯት።»

«ታዲያ ከሠላሳ ስምንቱ አሥሩ ሞተዋል በለኛ!» አለ ጎሚስታው። «ይቅርታ፣ ዘጠኙን ደግሞ ገድለው ነው የሞቱት!»

የቱርቦ ፊት ተራቆተ። ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ ግድግዳ ሥር ሲቆም የነበረውን መሰለ። እህትየው ለዓመታት ያጠራቀመችው ነገር ሁሉ አፏ ላይ መጣ። የሚስማር ያህል የሾለ ነበር፤ ልትለውም አፏን ከፈተች።

የዚያን ጊዜ ቱርቦ ስክሪኑን እንደገና አየና ፊቱ በራ።

«ዘጠኝ ፈረስ!» አለ። «በአንድ ዕቃ! በአንድ ጊዜ!»

«ምን?» አለ ባለማሽኑ።

«ካርቶን አይደለም፣ ዳይኖ ነው የተናገረው! አየህ አይደል?» ጎሚስታውን ትከሻውን ይዞ ናጠው። «የፋብሪካ ዕቃ ነው። አሁን ቢፈለግ አይገኝም! አስቀምጠን ነው እኛ!» ወደ እህቱ ዞረ። «ማርሚታውስ? የአባዬ ማርሚታ የት ነው ያለው?»

እህትየው አፏን ዘጋች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ልትቀጣው ብትነሣ ቅጣቱ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። አሁን ሞኝነቱን ብትነግረው ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ቀዩን ቀንድ መልሶ ይገትረዋል፤ እናቷም በረንዳ ላይ ይቀራሉ።

«መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ነው» አለችው። «ብርቅ ዕቃ መሆኑን ማን ነገረኝ።»

«እንዴት እንደዚያ ያለ ነገር ጣሪያ ላይ ትሰቅያለሽ፣ እትዬ!» ብሎ ተቆጣት።

ከሰዓት በኋላ መሰላል አቁሞ ራሱ አወረደው። እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ቀባው። በሳምንቱ መኪናዋ ከክንፏና ከስሟ በቀር አባታቸው የተዉአትን ሆነች፤ ቱርቦም ለመንገደኛው ሁሉ እንዴት አድርጎ እንዳሻሻላት ያስረዳል። ጎሚስታው አበባዋን ጨርቅ ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ «የልኬት ባለሙያ ነው» እያለ ያጅበዋል።

እናትየውን ደግፈው ከፊት አስቀመጧቸው። ቱርቦ ቁልፉን ሲያዞር ጆሯቸውን ሊይዙ እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ መለሱት። «ተነሥታለች እንዴ?» አሉ።

«ጉልበት ጨምራ ነዋ፣ እማዬ። ከአባዬ ጊዜ ትበልጣለች አሁን።»

«አባትህ እዚህ ሆኖ ቢሰማህ...» አሉና ተዉት።

እህትየው ከኋላ ናት። የወንድሟ ማጅራት ላይ የወጣውን ሽበት እያየች፣ ልትለው ከፈለገችው ስንቱ እንደቀረ ታስባለች። ጉሮሮዋ ላይ አለ፤ ቀን አይጠፋም። ቤት ስትመለስ ለጨርቁ ሌላ ዕቃ መፈለግ አለባት። ቀዩ ቀንድ ስፖንጁ ለስላሳ ስለሆነ ከወዲሁ ስፌት መኪናዋ አጠገብ አቁማ መርፌዋን ሰክታበታለች።

ዳገቱ ሲጀምር ቱርቦ ነዳጁን ረገጠ። ዛፎቹ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ከፊት ወንበር፣ መጀመሪያ እንደ ማቃሰት፣ ኋላ ግን እየጠራ፣ ግጥም የሌለው ዜማ መጣ። «ዝም በል» አለች እህትየው፤ ቱርቦ ስለ ዘጠኙ ፈረስ ሊናገር አፉን ሲከፍት በመስታወቱ አይታው ነበር።