ዋሽንቱ የጠፋበት ዓመት

ኅዳር 7 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ። የሠራተኞች የኪነት ውድድር በምቀርጽበት አዳራሽ ውስጥ ሳልኩና መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

ሳሉ ከመስከረም ጀምሮ ነበረብኝ። የደሴ ብርድ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ስተኛ ያልበኛል፣ የሸሚዜ አንገት ሰፍቶኛል፤ ለሁለቱም ምክንያት አላጣሁላቸውም። ከኔ በፊት የነቃው ቢሮ ውስጥ ቴፖቼን የሚያስተካክለው ቴክኒሻን ነው። ከውድድሩ በፊት አንድ ቀን ጠራኝና፣ "ይማም፣ ዘፋኟን ልቅረጽ ብለህ ሄደህ ሳልህን ይዘህልኝ መጣህ። ጭብጨባው ለሷ ነው ለአንተ?" አለኝ። ተሳሳቅን። ወደ ኋላ መልሶ ሲያሰማኝ በየዘፈኑ መሀል እኔ አለሁ።

ያን ጊዜ ደሴ ተቀምጬ የምሠራ የራዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። የዘወትር ሥራዬ ስብሰባ፣ መኸርና የመንገድ ሥራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ ጳጉሜ ላይ፣ ያገሬው ሰው በዓመቱ ከሁሉ የወደደውን ዘፈን፣ ፊልምና የራዲዮ ድራማ መርጬ እጽፍ ነበር። አመራረጤ ቀላል ነው። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ የሲኒማ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰው የሚያንጎራጉረውንና የሚከራከርበትን አዳምጣለሁ። በጆሮ የሚሠራ ሥራ ነው። የ1975ቱን አልጻፍኩትም። ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው፤ ከሕመሙ ልለየው ስላልቻልኩ አብሬ ጻፍኩት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

ደሴ ተመልሼ ሆስፒታል ገባሁ። ራጅ ተነሣሁ፣ አክታ ሰጠሁ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችኝ። ቀኝ ሳንባዬ ላይኛው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አለ።

"ቲቢ ነው፣ አቶ ይማም። የሚድን በሽታ ነው። ግን ዓመት ይፈጃል፤ ዓመቱን ሙሉ ሊታገሡኝ ይገባል" አለችኝ።

በየጠዋቱ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ከዚያ የአይሶናያዚድና የታያሴታዞን እንክብል ታዘዘልኝ። አስተኙኝ። ክፍሉ መስኮቱ አይዘጋም፤ የጦሳ ተራራ ብርድ እየገባ ብርድ ልብሳችንን ያረጥበዋል። አጠገቤ የተኙት ሸህ ሁሴን የሚባሉ፣ ከቢስቲማ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሥራዬን ሲሰሙ ወደኔ ዞሩ።

"የራዲዮ ሰው ነህ አሉ።"

"አዎ፣ ሸህ ሁሴን።"

"እስቲ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ንገረኝ።"

"እሱን እንኳ አናውቅም።"

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምታወሩት?" አሉና ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ዝናብ የማያውቀው" ሆነ።

የዚያ ዓመት ዘፈን የታወቀው ገና በጥቅምት ነው። የሴት ድምፅ ነው፣ በባቲ ቅኝት፤ ዘፋኟ ከመግባቷ በፊት ዋሽንት ብቻውን ረዘም አድርጎ ይጫወታል፣ በየስንኙ መሀልም እየተመለሰ ይመልስላታል። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጡት አውቶቡሶች ሁሉ እሱን ነበር የሚያሰሙት። ባለቤቴ ዘሀራ ትንሿን ቴፕ አመጣችልኝ። ካሴቱን የቀዳልኝ ፒያሳ ካሴት ቤት ያለው ጓደኛዬ ሰይድ ነው። ክፍሉ በሙሉ ያን ዘፈን ይጠይቅ ጀመር። ሸህ ሁሴን መጀመሪያ መንዙማ ካልሆነ አልሰማም ብለው ነበር። ቀስ በቀስ ግን መንዙማው ሲያልቅ፣ "በል ያችን ደግሞ አስከትል" ይሉኛል።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ካሴቱ ተበላሸ። እንደዚያ ነበር ያመንኩት። ዋሽንቱ ደከመ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። የዘፋኟ ድምፅ ከመጋረጃ ኋላ እንደሚመጣ ሆነ። ዘሀራ የቴፑን ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጥታ መለሰችው፤ ለውጥ የለም። የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረግን፤ ለውጥ የለም። ካሴቱን ለሰይድ መለስኩለት። አዲስ ቀድቶ ላከ። ያም ዋሽንት የለውም። ደግሞ መለስኩ። ደሴ ውስጥ ቅጂ የማያምር ካሴት ሲያጋጥም የምናደርገው ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የቀጂው ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የማያቋርጥ ድምፅ እሰማ ነበር። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ነው ብዬ ወሰድኩት። ከአልጋ ስነሣ ወለሉ ያዘነብልብኛል፤ ድካም ነው አልኩ። ጄኔሬተሩ መሥራት አለመሥራቱን ማንንም አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ሰይድ ራሱ መጣ። የሱቁን ትልቅ ቴፕ ተሸክሞ ነው የገባው፤ በር ላይ ቆሞ መናገር ጀመረ።

"ይማሜ፣ ስምህን የማላውቀው ደንበኛ ብትሆን ኖሮ እንጣላ ነበር! ወላሂ ይችን ካሴት ባለዋሽንቱ ራሱ ቢሰማት ይመርቀኛል። ምኗ ነው የጎደለው?"

"ዋሽንቷ" አልኩት።

"ዋሽንቷ?" ብሎ ወደ ዘሀራ ዞረ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትሰማው ነበር፤ የለመደውን ያህል አልጠራለት ብሎ ነው ብላ ታልፈኝ ነበር።

ሰይድ ከአዲስ አበባ የመጣለትን ዋናውን ካሴት ከተተ። ቁልፉን ተጫነ። ማጫወቻው ሲዞር አየሁ። ምንም የለም። ጠበቅሁ።

"መቼ ነው የሚጀምረው?" አልኩ።

ዘወር ስል ሸህ ሁሴን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ዋሽንት ይከተሉ ነበር።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። "ምነው ልጄ? ይኸው እያለቀሰ አይደል" አሉ።

ሰይድ ቴፑን አጠፋው። ጄኔሬተሩ ቀጠለ። ያን ጊዜ ጄኔሬተር አለመሆኑ ገባኝ።

ሐኪሟ መጣች። ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን ገጥሜ እንድቆም አደረገችኝ። ወደቅሁ። ሰይድ ያዘኝ።

"መርፌው ነው። ስትሬፕቶማይሲን የጆሮን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ አቁመናል።"

"ሳንባዬስ?"

"በሌላ እንተካዋለን። ኢታምቡቶል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በሁለቱ እንክብል እንቆያለን።"

"እስከዚያ መርፌውን ብቀጥልስ?"

"የጠፋው አይመለስም። የተረፈውን ነው የምናድነው።"

መድኃኒቱ እስኪመጣ ጠበቅን። ሁለት እንክብል ብቻ ይበቃ እንደሆን የሚያውቅ አልነበረም። ጆሮዬ ይጮሃል። ሳንባዬን አላምነውም። አንድ ዘጋቢ ሳይሰማ ምን ይሠራል? ይህን ማንንም አልጠየቅሁም። ዘሀራ ቴፑን ወደ ቤት ወሰደችው። ክፍሉ ዘፈኑን አልጠየቀም። ሸህ ሁሴን አፋቸውን ከግራው ወደሚሻለው ቀኝ ጆሮዬ አስጠግተው፣ "አላህ አፊያህን ይመልስልህ፤ ለራዲዮ ሰው ይህ አይገባም ነበር" አሉኝ። ዝናብ የማያውቀው ብለው ደግመው አልጠሩኝም።

ኢታምቡቶሉ ጥር ላይ መጣ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ዓይንን ሊነካ ስለሚችል ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተኝ በዚያው ቀን እንድናገር ሐኪሟ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ በኋላ ደም አልታየም፣ ላቡ ቆመ፣ ሳሉም እየላላ ሄደ፤ በሽታውን የማላስተላልፍበት ደረጃ ላይ መድረሴ በአክታ ምርመራ ሲረጋገጥ ከሆስፒታል ወጣሁ፤ ሙቀቱ ይሻለኛል ብለን ኮምቦልቻ የዘሀራ ወንድም ቤት ገባን፣ ለክትትል ብቻ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዤ ደሴ እወጣ ጀመር።

የዓመቱ ፊልም የህንድ ነበር፤ ደሴ ሲኒማ ቤት ሰንብቶ ሰንብቶ ሰው አልጠግብ ያለው። ዘሀራ ከክትትል ስንመለስ ይዛኝ ገባች። ፊልሙ የሚጣሉና የሚዋደዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዲት እናትና ብዙ ዝናብ አለው፣ እናም በአዳራሹ ውስጥ ህንድኛ የሚችል ሰው ስላልነበረ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው ሰው እኩል ሆኜ ተቀመጥኩ። ዘሀራ በየዘፈኑ ክንዴን እየነካች ቀኝ ጆሮዬ ሥር ትጠይቀኛለች።

"የልጅቷ ልብስ ምን ቀለም ነው?"

"ቀይ።"

"አሁንስ?"

"አረንጓዴ። ተይኝ እንጂ፣ ወንድሙን ሊገድለው ነው።"

ከኋላችን የነበረ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የሆነ ነገር ተናገረኝ። ምን እንዳለ ስንወጣ ነገረችኝ፤ "ወንድሜ፣ ዓይነ ስውሯን ሚስትህን እቤት አስተርጉምላት" ነበር ያለኝ። ከሳቋ የተነሣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የሳቋ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ አልደረሰኝም፤ ፊቷን ነው ያየሁት።

ድራማው የእሑድ ነበር። ባለታሪኩ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ታሞ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ይገባል፣ ሚስቱ ትጠብቀዋለች። ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ሰዓት የራዲዮ ድምፅ የማይወጣበት ቤት አልነበረም ይላሉ። የራዲዮ ንግግር ለኔ እንደ ጉምጉምታ ስለሆነ፣ ክፍሉ ሲያልቅ ዘሀራ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ተቀምጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርክልኝ ነበር፤ የአማቲቱን ጠባይ ስታስመስል ከተዋንያኑ ሳትበልጥ አትቀርም። የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ረዘም ላለ ጊዜ ጓሮ ቆይታ መጣች። "ድኖ ቤቱ ገባ" አለችኝ። "እንዴት?" ስላት፣ "በመኪናው ነዋ" አለች።

በሳምንቱ ደሴ ስወጣ ከአውቶቡሱ ሹፌር አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩን አልፎ ይደርሰኛል። ለረዳቱ ሲያማርር ሰማሁት፤ "ገደሉት እኮ! ከኛ ሙያ አንድ ሰው ቢያተርፉ ምናለበት? ሐኪም ቢሆን ኖሮ ያድኑት ነበር።" ሌላ ሁለት ሰው ጠይቄ አረጋገጥኩ። የድራማው ሹፌር ሞቷል። ለዘሀራ አልነገርኳትም።

እንግዲህ የዓመቱ ፊልም የወንድማማቾቹ ነው፤ ድራማው የሹፌሩ። የዓመቱ ዘፈን ያለ ምንም ክርክር ባለዋሽንቱ ነው፤ ለዚህኛው ምስክሮቼ ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ሸህ ሁሴን ከኔ በኋላ ነበር የወጡት። ሰውነታቸው ተመልሶ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ እንክብላቸውን ተሸክመው አገራቸው ገቡ። የበልግ እርሻ ሲደርስ ድኛለሁ ብለው መድኃኒቱን ተዉት። ሐምሌ ላይ ለክትትል ስሄድ የድሮ አልጋዬ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ቀኝ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። "ዘነበ፤ እኔ ግን አልዘራሁም" አሉኝ። ነሐሴ ላይ ዐረፉ።

ለሐኪሟ፣ በየጠዋቱ መርፌ ለወጉኝ ነርሶች፣ ትልቁን ቴፕ ተሸክሞ ለመጣው ሰይድ ምስጋናዬ የጠለቀ ነው። ለዘሀራ የምለውን ለራሷ ብያለሁ።

መድኃኒት ላይ ላላችሁ፦ ስትሬፕቶማይሲን ብዙ ሰው አድኗል፤ እኔንም ከሞት ካራቁኝ አንዱ ነው፣ ስለዚህ በኔ ታሪክ ፈርታችሁ አትሽሹት። ጆሮአችሁ ከጮኸ ወይም ወለሉ ካዘነበለባችሁ ግን በዚያው ቀን ለሐኪም ተናገሩ። ካሴት ሲበላሽባችሁ ለቀጂው ከመመለሳችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ምን ይሰማሃል ብላችሁ ጠይቁት። ውፍረት ሲመለስ እንክብሉን አትተዉ፤ ሐኪም ተው እስኪላችሁ ድረስ አልዳናችሁም። አስታማሚዎች፣ መስኮቱን ክፈቱ፤ ታማሚው ከሰው እንዲውል አድርጉት፣ ፊልምም ቢሆን ውሰዱት።

ኅዳር 1976 ዓ.ም. እንክብሌን ጨረስኩ። አክታዬ ነጻ ነው፤ በራጁ ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው። ሐኪሟ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝ። በቀኝ በኩል ስታስጠጋው ምቱን ሰማሁ። በግራ በኩል የሰዓቱ ብረት ጆሮዬን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ድምፅ አልነበረውም።